ባዶው ቀለህና የቀጥቃጩ እጅ
በየካ ሚካኤል ለአካባቢው ነዋሪ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ይህ በእጄ የያዝሁት ነገር ትንሽ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጣችሁ አታዩትም። ስለዚህ ልላከው፤ ተቀባበሉት። ባዶ ቀለህ ነው። ባሩዱ ነዷል፣ አረሩ ሄዷል፣ ማንንም አይጎዳም። በሳሙና አጥቤ ነው ያመጣሁት፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ቂጡን ተመልከቱ። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ አለች፤ የክቧ መካከል ጎድጉዷል። የጠመንጃው መርፌ የመታት እዚያ ላይ ነው። በዙሪያዋ የተቀረጹት ፊደልና ቁጥር የተሠራበትን ፋብሪካ፣ ብዙ ጊዜም ዓመቱን ይናገራሉ። አሁን ገልብጡትና አንገቱን እዩ። ሰማያዊና ቡናማ የተቀላቀለበት ጥላ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ጭስ ይመስለዋል፤ ቢፈትጉት ግን አይለቅም። ቀለሁ ገና ፋብሪካ ሳለ አንገቱ እንዲለሰልስ በእሳት ያሞቁት ጊዜ የቀረ ምልክት ነው። አንድ ተራ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ስንት እሳትና ስንት መዶሻ እንዳለፈበት ያ ጥላ ይመሰክራል።

ስለ ተኳሹ ብዙ ተፎክሯል፣ ብዙ ተሸልሏል። ተኩሱ ካበቃ በኋላ ቀለሁን ከመሬት ለቅሞ፣ አቅልጦ፣ ለሌላ ግልጋሎት ያዋለውን ሰው ግን ስሙን የሚያነሣው የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሰው ነው፤ እዚሁ ራስጌያችን ባለው ተራራ ላይ ደግሞ ከዚያው ናስ ጌጥ ስለምትሠራው ሴት።

አስቀድሜ ስለ ናስ ጥቂት ልበል፤ ናስን ሳናውቅ የቀረው ታሪክ አይገባንም።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ለቀለህ የሚሆነው ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ አለው። ይህ መጠን የተመረጠው በምክንያት ነው። በዘመናዊ ጠመንጃ ጥይት ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚያች ቅጽበት ቀለሁ ተለጥጦ ከጠመንጃው ጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ በመጠኑ ተመልሶ ይጠብባል፤ ስለዚህ ተስቦ ይወጣል። መዳብ ብቻውን ቢሆን ልል ስለሆነ እንደተለጠጠ ይቀር ነበር። ዚንኩ ሲጨመርበት ጥንካሬም የመመለስ ጠባይም ያገኛል።

ቢጫ ወይም ቀይ የሆነ ቀለህ ሁሉ ግን ናስ አይደለም። የክላሽንኮቭ ጥይት ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ቫርኒሽ ይቀባል ወይም በስሱ መዳብ ይለብሳል። ማግኔት ብታስጠጉለት ይይዘዋል፤ ናስን ግን ማግኔት አይስበውም። ቁራሌው ከሰፈር የሰበሰበውን ይዞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲወርድ ይህን ልዩነት ካላወቀ ይከስራል።

ናስ ደግሞ ቀጥቃጭ ሁሉ በእጁ የሚያውቀው ጠባይ አለው፤ ሲመታ ይጠነክራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ፋብሪካው ቀለህን የሚሠራው ከጠፍጣፋ ክብ ናስ ተነሥቶ፣ መጀመሪያ እንደ ሲኒ አጎድጉዶ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየሳበ በማስረዘም ነው። በተሳበ ቁጥር ይደድራል። በየመካከሉ እሳት ካላሳዩት ይሰነጠቃል። ናሱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በመዶሻው ተጨናንቀው ሳለ ሙቀት ሲያገኙ እንደገና ይደራጃሉ። የመለስለሱ ምስጢር ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ከሕንድ የመጣ አንድ ታሪክ ልጨምር። እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን ጥይታቸውን በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲያከማቹ፣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይተኩሰው፣ ቀለሁ በራሱ እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. በጥናት ተብራራ። ከፈረስ ሽንት የሚተነው አሞንያ፣ እርጥበቱና ናሱ ሲሠራ በውስጡ ታምቆ የቀረው ውጥረት አንድ ላይ ተገናኝተው ነው የሚሰነጥቁት። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ማሞቅና ውጥረቱን ማርገብ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የብረት ነገር በላይ በላዩ እንደማይታይ ስለሚያሳይ ነው። ዛሬ በገጠር በከብት በረት ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰካ ቀለህ ከጊዜ በኋላ ተሰንጥቆ ብታገኙት እርግማን አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር፣ የንጉሥ ምኒልክ ከተማ እዚህ እንጦጦ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ግመል ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ገባ። ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈውታል፤ አሁን ነጋዴ ነው። ንጉሡን አንኮበር ስላላገኛቸው እንጦጦ ድረስ ወጣ። ለዚህ ጉዞ ያዘጋጀው ጭነት 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። የንግድ ሸሪኩ ላባቱ ሞቶበት ስለነበር ዕዳው ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀና ትርፍ ያሰበበት ንግድ ኪሳራ ሆነበት። ይህን የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በሰፊው ተርከውታል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጭነቱ ነው። በዚያ የግመል ጀርባ ላይ ሁለት ዘመን አብሮ ተጭኗል። ጠመንጃዎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ባሩድና አረር በአፈሙዛቸው ይጎርሳሉ፣ በኋላቸው ትንሽ መለኮሻ ይደረግላቸዋል፤ ቀለህ የሚባል ነገር አያውቁም። እንዲህ ላለው ጠመንጃ ባሩዱም አረሩም እዚሁ አገር ይዘጋጅ ነበር። የሬሚንግተኑ ጥይት ግን ከነቀለሁ ከባሕር ማዶ የመጣ የፋብሪካ ሥራ ነው። ቀለህ የሌለው ሬሚንግተን በትር ነው። የጠመንጃው ባለቤት ምንም ያህል ጀግና ቢሆን ሬሚንግተን ከያዘበት ቀን ጀምሮ ናስ ከሚስብ የአውሮፓ ፋብሪካ ጋር ታሰረ።

ታዲያ ባላገሩ ምን አደረገ? ቀለሁን አልጣለም። ከተኮሰ በኋላ ለቅሞ ያስቀምጣል፤ እጀ ብልህ ሰው በአገር ባሩድና በእርሳስ መልሶ ይሞላዋል። አንዱ ቀለህ ብዙ ጊዜ ይተኮሳል። ለዚህም ነው ባዶ ሆኖ እንኳ ዋጋ የነበረው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት በገበያ ላይ ገንዘብ ነበር። የማርያ ተሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ 28 ግራም የሚመዝን ብር ይዞ ሄዶ ትንሽ በርበሬ መግዛት አይመችም። ዝርዝሩ አሞሌ ጨውና ጥይት ሆነ፤ ከጥይትም ይበልጥ የተለመደው የውጅግራ ጥይት ነበር። ባዶው ቀለህም ከሙሉው ባነሰ ዋጋ ይሄድ ነበር።

ውጅግራ ያልነው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በማድ ቤት እሳትም ይሆናል። እጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊያበጀው የሚችል አረር ነበር። በአድዋ ዘመን ከዘመተው ሠራዊት ብዙው በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ነው የተዋጋው።

ቀለህን የመሙላቱን የአገር ጥበብ ያዳከመው አዲሱ ባሩድ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ የሌለው ባሩድ አገኘ፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበን የተባለው ጠመንጃ ተከተለ። የውጅግራ አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ሲሄድ የለበን ከ600 ሜትር አለፈ። በዚህ ፍጥነት ራቁቱን የሚሄድ እርሳስ የአፈሙዙን ጥርስ መያዝ ያቅተዋል፤ እየተፋቀ ብረቱን ይደፍናል። መፍትሔውን አስቀድሞ ያዘጋጀው ስዊዛዊው ኤድዋርድ ሩቢን ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ገደማ እርሳሱን የመዳብ ልብስ አለበሰው። ከዚያ ወዲህ ያለው የጦር ሜዳ አረር ሁሉ ልብስ ለባሽ ሆነ። ከማድ ቤት እሳትና ከአገር ባሩድም ራቀ።

ልብሱን ግን በቤቱ የሠራ ሰው አልጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ መዳቧን ለሠራዊቷ ስታውል አዳኞች አረር አጡ። በካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል በምትባል ከተማ የሚኖር ፍሬድ ሀንቲንግተን በ1943 እ.ኤ.አ. ትንሿን የ22 ጥይት ባዶ ቀለህ ለእርሳሱ ልብስ የሚያደርግ መጭመቂያ አበጀ። ሥራው ሥራ ወልዶ አርሲቢኤስ የሚባለው ታዋቂ ድርጅት ሆነ። የስሙም መነሻ እርሱ ያድነው የነበረው የዱር አይጥ መሰል እንስሳና ያቺ መጭመቂያ ናቸው። የሰው ብልሃት ያስገርማል፤ ሌላው የጣለው የቀለህ ናስ ለእርሱ የአረር ልብስ ሆነለት።

ብልሃቱን አደንቃለሁ። እኛ አገር እንዲለመድ ግን አልመኝም፤ ይህንንም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል፤ ሰው በጓዳው የሚያመርተው ነገር አይደለም። ሕጉ ባይኖርም አቋሜ አይለወጥም። ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ስንት ልጅ እንደተቀበረ እዚህ ከተቀመጥነው የማያውቅ የለም። በእናንተ መካከል እየዞረ ያለው ቀለህ አንድ ጊዜ ተተኩሷል፤ ይበቃዋል።

ስለ አረር ልብስ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልብሱ ጫፉ ላይ ክፍት ከሆነ አረሩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይጠፈጠፋል፣ ቁስሉንም ያሰፋል። እንግሊዞች ካልካታ አጠገብ ዱምዱም በተባለ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ስለሠሩት በዚያው ስም ቀረ። በ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ ጉባኤ ከለከለው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በወረረች ጊዜ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ተኩሰዋል ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች፤ የራሷ አውሮፕላኖች በዚያው ወራት በሕዝቡና በሠራዊቱ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያርከፈክፉ ነበር። የመርዝ ጋዝን ደግሞ ጣልያን የፈረመችው የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ከልክሎታል።

አሁን ወደ ቀጥቃጩ ልመለስ።

ያን ሁሉ ዘመን ጠመንጃ የጠገነው፣ ቀለህ የሞላው፣ ማረሻ የሳለው፣ የፈረስ ልጓም የሠራው ማን ነበር? በየመንደሩ ዳር፣ ብዙ ጊዜም ርስት ተከልክሎ የኖረ ቀጥቃጭ ነው። ያመሰገነው የለም። ቡዳ ነው ተባለ፤ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ፤ ልጁን የሚያገባ ጠፋ። ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደ እርሱ እየሄደ፣ ምግብ ሲበላ ግን እንዳያየው ይሸፈን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ ሲያሠሩ የሥራውን ኃላፊነት የሰጡት ለአውሮፓ ሚሲዮናውያን ነበር፤ በወናፉና በከሰሉ ዙሪያ የተሰለፉትን የአገር ሰዎች ስም ከጥቂቶች በቀር ማንም አልጻፈው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው!

ከዚህ ሰፈር ሽቅብ የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ሄዳችሁ ያያችሁት ብዙ ትሆናላችሁ። ዓለቱ ተፈልፍሎ፣ ምሰሶ ወጥቶለት፣ በርና መስኮት ተቀርጾለት የቆመ ቤተ መቅደስ ነው። የፈለፈለውን እናደንቃለን፤ የፈለፈለበትን መሮ የቀጠቀጠለትን ግን አናስበውም። መሮ በዓለት ላይ ቶሎ ይዶለዱማል። ፈልፋዩ በሠራ ቁጥር እሳት የሚያነድ፣ መሮ የሚያሞቅና የሚስል ሰው በአቅራቢያው መኖር ነበረበት። የነገሥታቱን ስም የምናውቀውን ያህል የዚያን ሰው ስም ብናውቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

የናስ ማቅለጥ ጥበብም ከጠመንጃ በፊት የነበረን ነው። በየአድባራቱ የምናያቸው ጥንታዊ የመስቀል ጌጦች ብዙዎቹ በሰም ተቀርጸው፣ በጭቃ ተመርገው፣ ሰሙ በእሳት ሲወጣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ፈስሶባቸው የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ በኋለኛው ዘመን ከጦር ሜዳ ቀለህ እንደ ጉድ ሲፈስ፣ ያን ናስ የሚቀበለው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በሰሜን በኩል በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ ደወል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሕፃኑን ወደ ክፍል የሚጠራው ድምፅ ከዚያ ናስ ይወጣል።

እንጦጦ ላይ የሆነውን ግን ቀረብ ብዬ ልንገራችሁ፤ የዚህ ሰፈር ሰው ግማሹን ስለሚያውቀው ብሳሳት ያርመኛል።

የኤች አይ ቪ ነገር ሰውን ሁሉ ባስፈራበት ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ሰው ለጸበል ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት መጣ። ከመጡት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ ከቤተሰብ የተገለሉ፣ ልጅ ያዘሉ። ጸበላቸውን እየተጠመቁ እዚያው በጭቃ ቤት ቀሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጥ ጀመር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ንግግር ያተረፈውን ነፍስ እግዚአብሔር ይቆጥረዋል። ሴቶቹ በሕይወት ተረፉ፤ ሕይወት ደግሞ እንጀራ ይፈልጋል። ያለው ሥራ ከባሕር ዛፉ ጫካ ማገዶ ለቅሞ፣ ጀርባን አጉብጦ፣ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ነበር። ለታመመ ሰውነት ይህ ሸክም ሞት ነው።

በዚህ መካከል ነው የጨሌ ሥራ የመጣው። ገበሬዎች ከድሮ ጦር ሜዳዎች የጥይትና የመድፍ ቀለህ ይለቅማሉ፤ ባለ እጆች አቅልጠው ትንንሽ ጨሌ ያደርጉታል፤ የእንጦጦ ሴቶች ጨሌውን ሰክተው ሐብል፣ አምባርና ጉትቻ ይሠራሉ። እንጦጦ ቤት አርቲዛን በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ሬቨን ኤንድ ሊሊ የተባለ የአሜሪካ ድርጅትም የእንጦጦን ሴቶች ጌጥ በባሕር ማዶ ሸጧል። ከጥይት ቀለህ መሠራቱ በማስታወቂያው ላይ ይነገር ስለነበር ገዢውን የሳበውም አንድም ይኸው ነው።

አንዷን ጨሌ በጣታችሁ መካከል አድርጋችሁ ብታዩአት ፍጹም ክብ አይደለችም። አንዱ ጎኗ በመጠኑ ይሾጥጣል፤ ቀዳዳዋ መሐል ለመሐል አያልፍም፤ ላይዋ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። ቀለሟም ከጓደኛዋ ይለያል፤ አንዷ ቢጫ፣ ሌላዋ ወደ ቀይ ያደላች። ይህ የቀለም ልዩነት የእሳቱን ታሪክ ይናገራል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል። የቀለህ ናስ ደግሞ ቀልጦ የሚያልቀው 955 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ አቅላጩ ጊዜ ባባከነ ቁጥር ዚንኩ እየሸሸ፣ መዳቡ እየበዛ፣ ቀለሙ እየቀላ ይሄዳል። ጎበዝ አቅላጭ ላዩን በከሰል ትቢያ ሸፍኖ፣ ሳይዘገይ፣ ሳያጋንን ያፈስሳል። ልክ ባልሆነ እሳት ላይ ነጭ ጭስ ይነሣና እንደ ተነደፈ ጥጥ ብን ብን እያለ በየግድግዳው ላይ ያርፋል። ያ ጥጥ የተቃጠለው ዚንክ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ነው፤ ቀለሁን ያጠብሁበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ያን ነጭ ጭስ ቀን የተነፈሰ ሰው ማታ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዋል። ወባ ይመስለዋል። በማግሥቱ ይሻለዋል፤ ስለዚህ ይንቀዋል። እውነተኛው ጠላት ግን ጸጥ ያለው እርሳስ ነው። በቀለሁ ቂጥ ያለችው መለኮሻ በብዙው ጥይት የእርሳስ ውሁድ አለባት፤ ስትነድ ዱቄቱ በቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ቀለሁ ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ ሲቀልጥ ያ ዱቄት በእጅ፣ በልብስና በትንፋሽ ወደ ሰው ይገባል። ከአዋቂ ይልቅ ሕፃንን ይጎዳል፤ አእምሮውን ያዘገያል፣ ደሙን ያሳንሳል። እናት የሥራ ቀሚሷን ሳትቀይር ገብታ ልጇን ስታቅፍ ዱቄቱን ታወርሰዋለች። በየፋብሪካው የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ወተት ከጠጣህ መርዙ ይታጠባል ይባላል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ እርሳስን ግን ከሰውነት አያወጣም፣ የዚንክ ጭስንም ከሳንባ አያጥብም። በዚህ እምነት ተደግፎ ያለ መከላከያ የሚሠራ ሰው እየተታለለ ነው።

የሚያስፈልገው ከባድ አይደለም። ማቅለጫው በሜዳ ወይም ነፋስ በሚያልፍበት ዳስ ይሁን፤ አቅላጩ ነፋሱን ከኋላው ያድርግ። ቀለሁ ከመቅለጡ በፊት በውኃ ይታጠብ እንጂ ደረቁን አይጠረግ፤ መጥረጊያ ዱቄቱን አየር ላይ ያወጣዋል። ታጥቦ ግን ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ቀለጠው ብረት እንዳይገባ፤ እንፋሎቱ ብረቱን ይረጨዋል። ለሥራ የተለየ ልብስ ይኑር፣ እዚያው ይቅር። እዚያ እንጀራ አይቆረስ፣ ቡና አይፈላ። ውኃና ሳሙና በእጅ ቅርብ ይሁን። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከእሳቱ ይራቁ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የተተኮሰውና ያልተተኮሰው ይለይ። ያቺ በቂጡ ላይ ያሳየኋችሁ ጎድጓዳ ነጥብ ከሌለች መለኮሻዋ አልነደደችም ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜም መርፌው መትቷት ሳትነድ ትቀራለች፤ አረሩ በአፉ ላይ ካለማ ነገሩ የለየለት ነው። እንዲህ ያለውን በጆንያ ውስጥ ያገኘ ሰው በጉጠት ሊነቅለው፣ በመዶሻ ሊከፍተው፣ በእሳት ሊሞክረው አይገባም። ካለበት ሳያንቀሳቅስ ለፖሊስ ያስታውቅ። ስለ መድፍና ስለ ቦምብ ከሆነ ጭራሽ አትጠጉ፤ በሰሜን ጦርነቱ ባለፈባቸው ማሳዎች ቆርቆሮ ብለው ያነሡት ልጆች እጃቸውንና ዓይናቸውን አጥተዋል።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል ልናገር። በባሕር ማዶ መደብር ላይ የተሰቀለው ሐብል ዋጋውን የሚያገኘው ከናሱ አይደለም፤ የናሱ ዋጋ ከጠቅላላው ኢምንት ነው። የሚከፈለው ለሰኪዋ እጅና ለታሪኩ ነው። ታሪኩ የእነዚህ ሴቶች ነው። ስለዚህ ሥራውን የምታካሂዱም፣ ለዘመድ ስጦታ የምትገዙም፣ ወደ ውጭ የምትልኩም፣ ስንቱ ወደ ሰኪዋ እንደደረሰ ጠይቁ። አቅላጩንም ጠይቁ፤ እርሱ በማስታወቂያው ፎቶግራፍ ላይ የለም፣ ጭሱን የዋጠው ግን እርሱ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንዲት እናት የጠየቁኝን መልሼ ልፈጽም። ጨሌው አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ምልክት እንደተወባቸው፣ መርዝ ይሆን ብለው እንደሠጉ ነግረውኛል። እናቴ፣ አረንጓዴው መዳቡ ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ በሳሙና ይለቃል፣ አይጎዳም። ጨሌው ሲጠቁር በሎሚና በደቃቅ አመድ አሽተው፣ በውኃ አለቅልቀው፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሳይደርቅ ወደ ሣጥን አይመልሱት። ጥርስ እያወጣ ላለ ሕፃን ግን አያንጠልጥሉለት፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ ከቀለህ የቀለጠ ናስ ደግሞ ውስጡ ምን ያህል እርሳስ እንደቀረበት በዓይን አይታወቅም።